አይጥ በበላ ካፓሲተር ተመታ

የካፓሲተር ባንኩ (ፓወር ፋክተር ለማስተካከል በቡድን የተደረደሩት ካፓሲተሮች) ፊውዝ መበጠስ የጀመረው አዲሶቹ የሞተር ድራይቮች (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎች) ሥራ ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም። ድራይቮቹ ከፓምፖቹ ጋር ሌላ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ካፓሲተሩ ያለው ዋናው ማከፋፈያ ሰሌዳ ጎን ነው። ቀጥሎ የካፓሲተሮቹ ጣሳዎች ማበጥ ጀመሩ፤ ክዳናቸው ወደ ላይ ተነፍቶ፣ የአንዱ ተርሚናል ዙሪያው ጠቁሮ አገኘነው። የጥገና ኃላፊው ወዲያው ፈረደ፦ «ዕቃው ፎርጅድ ነው!» ግዢ ክፍል ከሌላ አቅራቢ አዲስ አስመጣ። ተገጠመ። እሱም አበጠ። ያኔ ወሬው ወደ ሃርሞኒክስ (የመስመሩ ድግግሞሽ ብዜት ወደሆኑ፣ ሞገዱን ወደሚያዛቡ ተጨማሪ ከረንቶች) ተገለበጠና «ሃርሞኒክሱን የሚያመነጨው ራሱ ካፓሲተሩ ስለሆነ ነቅለን እንጣለው» የሚል ሐሳብ ስብሰባ ላይ ቀረበ።

ካፓሲተር ሃርሞኒክስ አያመነጭም። የሚያመነጨው የቮልቴጁን ቅርጽ ተከትሎ ከረንት የማይስብ ዕቃ ነው። የእኛዎቹ ድራይቮች መግቢያቸው ላይ ስድስት ዳዮድ ያለው ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር) አላቸው፤ ዳዮዶቹ የሚከፈቱት የመስመሩ ቮልቴጅ ድራይቩ ውስጥ ካለው የዲሲ ካፓሲተር ቮልቴጅ ሲበልጥ ብቻ ስለሆነ፣ ከረንቱ በተቆራረጠ ጉብታ ነው የሚገባው። እንዲህ ዓይነቱ ባለ ስድስት ፐልስ ሬክቲፋየር በዋናነት የሚያወጣው 5ኛውን፣ 7ኛውን፣ 11ኛውንና 13ኛውን ነው፤ በ50 ሄርዝ መስመር ላይ 250፣ 350፣ 550 እና 650 ሄርዝ ማለት ነው። በመጽሐፉ ስሌት 5ኛው የዋናው ከረንት አንድ አምስተኛ፣ 7ኛው አንድ ሰባተኛ ነው። ይህ ግን የዲሲው ወገን በደንብ የለሰለሰ ከረንት እንዳለው ተደርጎ የተሰላ ነው። ያለ ቾክ (ከረንቱን የሚያለሰልስ የሽቦ ጥቅል) የተገዛ ርካሽ ድራይቭ ላይ 5ኛው ብቻውን ከግማሽ በላይ ሲደርስ አይቻለሁ። የእኛዎቹም ያለ ቾክ ነበር የተገዙት፤ ቾኩ ከዋጋ ማቅረቢያው ላይ «አማራጭ» ተብሎ ተቀምጦ ስለነበር ቁጠባ ፈላጊ እጅ ሰርዞታል።

የፈረቃ ቴክኒሺያናችን መለኪያ ሳይነካ ነው ፍንጩን የሰጠን። አንድ ቀን ቢሮ መጣና «ኢንጂነር፣ ስምንተኛዋ መብራት ስትበራ የሰሌዳው ድምፅ ይለወጣል። ና ስማው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ ነው?»

«የለም። ማታ ማታ ነው፣ ኮምፕረሰሩና ወፍጮው አብረው ሲሠሩ።»

ሄድኩ። ፓወር ፋክተር ተቆጣጣሪው ስቴፖቹን (የካፓሲተር ቡድኖቹን) አንድ በአንድ እያስገባ፣ ለእያንዳንዱም መብራት እያበራ ነው። ሰባተኛው ገባ፤ የተለመደው የትራንስፎርመር እምምታ ነው። ስምንተኛው ኮንታክተር ጠቅ ሲል ግን ድምፁ ወደ ቀጭን ጩኸት ተለወጠ፤ የባስባሩ መሸፈኛ ቆርቆሮ በጣት ሲነካ ይንዘረዘራል። መጀመሪያ የሄድነው ያልጠበቀ ብሎን ወዳለበት ነው፤ ሁሉም ጥብቅ ነበር።

በማግስቱ የኃይል ጥራት መለኪያ ተዋስን። ተራው ክላምፕ ሜትራችን የተጣራ ሳይን እንደሚለካ አድርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ድራይቭ መግቢያ ላይ ሲያዝ ከእውነተኛው ከረንት በጣም አሳንሶ ያነባል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። መለኪያውን የካፓሲተሩ ኬብል ላይ አስረን ማታ ጠበቅን። ስምንተኛው ስቴፕ ሲገባ የታየው ነገር እስከ ዛሬ በሥልጠና ላይ የማነሳው ነው፦ 7ኛው ሃርሞኒክ ከ5ኛው በለጠ። እጥፍ ያህል በለጠ።

ባለ ስድስት ፐልስ ሬክቲፋየር 7ኛውን ከ5ኛው አስበልጦ አያመነጭም። ስለዚህ አንድ የሚያባዛ ነገር አለ ማለት ነው። ለማረጋገጥ ድራይቮቹን አጥፍተን ካፓሲተሩን ብቻ ተውነው፤ የቀረው መዛባት ከመብራትና ከኮምፒውተሮች፣ ምናልባትም ከመስመሩ የሚመጣ ጥቂት ነገር ሆነ። ቀጥለን ካፓሲተሩን አውጥተን ድራይቮቹን ብቻ አስነሳን፤ 5ኛው ተመልሶ 7ኛውን በለጠ። አመንጪውም አባዢውም ተለዩ።

ቁጥሩ ደግሞ ወረቀት ላይ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ 1000 ኬቪኤ፣ ኢምፒዳንሱ 5 በመቶ ነው፤ የመስመሩን ትተን ብናሰላ የሾርት ሰርኪዩት አቅሙ 20 ሺህ ኬቪኤ ይሆናል። ባንኩ ስምንት ስቴፕ ነው፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ ቫር (የካፓሲተር አቅም መለኪያ)፣ ሁሉም ሲገቡ 400። 20 ሺህን ለ400 አካፍሎ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው፦ 7.07፣ ማለትም የ50 ሄርዝ ሰባት እጥፍ ገደማ። ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሩ ተጣምረው በትክክል 350 ሄርዝ አካባቢ የሚወዛወዝ ዑደት ፈጥረዋል፤ ድራይቮቹም በዚያው ምት ይገፉታል። ዥዋዥዌን በራሱ ምት ለገፋ ሕፃን ብዙ ጉልበት አያስፈልገውም። የአንድ 50 ኪሎ ቫር ስቴፕ ከረንት በ400 ቮልት 72 አምፔር ነው፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ በቋሚነት የሚፈቅደው እስከ 1.3 እጥፉ፣ ማለትም 94 ገደማ። እኛ ከ100 በላይ አየን።

«እንግዲያው ስምንተኛውን ስቴፕ እንዝጋው» ተባለ። ለጊዜው ዘጋነው፣ ግን መፍትሔ አልነበረም። ሦስት ስቴፕ ብቻ ሲገባ ያው ስሌት 11.5 ይሰጣል፣ ከ11ኛው አፍንጫ ሥር። ስቴፕ በተቀያየረ ቁጥር ችግሩም አብሮ ቦታ ይቀይራል።

ስብሰባው ላይ አንድ ሰው ሁሉንም ወደ 3ኛው ሃርሞኒክ ሊወስድ ሞከረ፣ ሌላ ቦታ ኒውትራል ተቃጥሎ አይቶ ኖሮ። ያ የሌላ ምንጭ ጠባይ ነው። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይና የኤልኢዲ መብራት ነጠላ ፌዝ ስለሆኑ 3ኛውን በብዛት ያወጣሉ፤ የሦስቱ ፌዝ 3ኛ ሃርሞኒክ ኒውትራል ላይ አይጠፋፋም፣ ይደመራል፤ የኒውትራሉ ከረንት የፌዙን 1.7 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። «ኒውትራል ባዶ ሽቦ ነው» እያሉ ቀጭን ኬብል የሚዘረጉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነበር። የእኛ ድራይቮች ግን ባለ ሦስት ፌዝ ናቸው፣ ፌዞቹ እኩል እስከሆኑ ድረስ 3ኛውን ከእነሱ አትጠብቁ።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ስቴፕ 7 በመቶ ሪአክተር (የሽቦ ጥቅል) በተከታታይ ማሰር ሆነ። ይህ የውዝዋዜውን ነጥብ ወደ 189 ሄርዝ ያወርደዋል፤ ከ5ኛው 250 ሄርዝ በታች፣ ከ3ኛው 150 በላይ ማለት ነው፣ ድራይቮቹም በዚያ አካባቢ የሚያመነጩት የለም። ግዢ ክፍል ሳይቃጠሉ የተረፉትን ካፓሲተሮች ከሪአክተሩ ጋር እንድንጠቀም ፈለገ። እዚህ ላይ ነው ብዙ የተከራከርነው። ሪአክተሩ የካፓሲተሩን ቮልቴጅ ከፍ ያደርገዋል፤ 400 የነበረው 430 ይሆናል፣ የተረፉት ደግሞ ለ400 የተሠሩ ናቸው። ከፍ ላለ ቮልቴጅ የተሠሩ አዲስ እንዲገዙ አሳመንን፤ ያሳመናቸው ስሌቱ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥነው ያበጠ ጣሳ ይመስለኛል።

ከተገጠመ በኋላ ጩኸቱ ጠፋ፣ ፊውዝ መበጠሱም ቆመ። 5ኛው ሃርሞኒክ ግን እዚያው ነበር፤ እንዲህ ያለ ሪአክተር ካፓሲተሩን ይጠብቃል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። ለሚቀጥለው ዙር የድራይቭ ግዢ መስፈርቱ ላይ ቾክን ከ«አማራጭ» ወደ «ግዴታ» አዛወርነው፣ በነባሮቹም መግቢያ ላይ የመስመር ሪአክተር ጨመርን። መለኪያው ላይ 5ኛው በግልጽ የወረደው ያኔ ነው።