ታይታኒየም በዚርኮኒየም ሲተካ

ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ የያዝሁት ጥያቄ ጠባብ ነበር፤ ይኸውም ፕሉቶኒየምን በውስጡ ይዞ እንዲያቆይ የታሰበ ሰው ሠራሽ ማዕድን አንዱ ንጥረ ነገሩ በሌላ ቢተካ ጨረር የሚያደርስበትን ጉዳት የመቋቋም ዐቅሙ እንዴት ይለወጣል የሚል ነው። የፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜ 24,100 ዓመት ገደማ ነው። አቶሙ ሲፈርስ የአልፋ ቅንጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ይወረወራል፣ ወደ ዩራኒየምነት የተለወጠው ኒውክለስ ደግሞ በተቃራኒው ይገፋል። አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው አልፋው ሳይሆን፣ በጣም አጭር ርቀት ውስጥ ሺህ ያህል አቶሞችን ከቦታቸው የሚያፈናቅለው ይህ ከባድ ኒውክለስ ነው።

ናሙናዎቼ ፓይሮክሎር የሚባለውን መዋቅር የያዙ ጋዶሊኒየም ታይታኔት፣ ጋዶሊኒየም ዚርኮኔት እና በሁለቱ መካከል ያሉ ድብልቆች ነበሩ። (ጋዶሊኒየም ኒውትሮንን አጥብቆ ይውጣል፤ ከፕሉቶኒየም ጋር ሲቀመጥ የሰንሰለት ምላሽ እንዳይነሳ ስለሚረዳ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።) የኦክሳይድ ዱቄቶቹን መዝኜ ከፈጨሁና በመጭመቂያ ካጠበቅሁ በኋላ በምድጃ አቃጠልኋቸው። ጥንቃቄ የጠየቀው ዚርኮኔቱ ነው፤ ከ1,550 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ የአቶሞቹ ሥርዓት በሙቀቱ ብቻ ስለሚፈርስ፣ ከዚያ በታች ለረጅም ጊዜ አቆይቼ ሥርዓቱ መመለሱን በኤክስሬይ ሳላረጋግጥ ወደ ጨረር አላስገባሁትም። ያለዚያ ምድጃው ያደረገውን ጨረሩ ካደረገው መለየት አይቻልም።

የኒውክለሱን ግፊት ያለ ፕሉቶኒየም ለመተካት፣ 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸውን የክሪፕተን አዮኖች በቀጫጭን ናሙናዎች ላይ እየለቀቅሁ ለውጡን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተከታተልሁ። ታይታኔቱ በአማካይ ከአምስት አቶሞቹ አንዱ በተፈናቀለበት መጠን ክሪስታልነቱን፣ ማለትም የአቶሞቹን ተደጋጋሚ አደራደር፣ አጣ። ዚርኮኔቱ ግን ከዚያ እጅግ በበለጠ መጠን ተመትቶም ክሪስታል እንደሆነ ቀረ፤ የጠፋው ጋዶሊኒየምና ዚርኮኒየም በየቦታቸው ተለይተው የሚቀመጡበት ሥርዓት ብቻ ነው።

ከእኔ በፊት የሠሩ ተመራማሪዎች እንዳስረዱት ምክንያቱ በአዮኖቹ መጠን ላይ ነው። የጋዶሊኒየም ራዲየስ ለታይታኒየም ራዲየስ ሲካፈል 1.74፣ ለዚርኮኒየም ሲካፈል 1.46 ይሆናል። መጠናቸው ሲቀራረብ ቦታ መለዋወጥ ብዙ ጉልበት አይጠይቅምና የተፈናቀለው አቶም በሌላው ስፍራ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሲራራቅ ግን ጉድለቱ ማረፊያ አጥቶ ይጠራቀማል። ስለዚህ ማዕድን ስመርጥ የምጠይቀው ሥርዓቱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ሳይሆን የሥርዓት መጓደልን ምን ያህል እንደሚሸከም ነው።

በቤተ ሙከራ በአጭር ጊዜ የምናደርሰው ጉዳት በማከማቻ ውስጥ ሺህ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚህ ረገድ ይበልጥ የማምነው የተፈጥሮ ማዕድናትን ነው። ዩራኒየም የያዘ ጥንታዊ ዚርኮን በብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት መዋቅሩ ፈርሶ ይዘቱ እስከ 18 በመቶ ያብጣል። ብዙ ቶሪየም የሚሸከመው ሞናዛይት የተባለው የፎስፌት ማዕድን ግን ጉዳቱን በዝቅተኛ ሙቀት እንኳ ስለሚጠግን ዘወትር ለማለት ይቻላል ክሪስታል ሆኖ ይገኛል። ጥናቱን ዛሬ ብጀምር ፎስፌቶችን ከመጀመሪያው አስገባ ነበር።

ለፕሉቶኒየም ብቻ ከሆነ ዚርኮኔትን እመርጣለሁ። ለተደባለቀ የኑክሌር ዝቃጭ ግን አንድ ማዕድን አይበቃም፤ አውስትራሊያዊው ቴድ ሪንግዉድ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ሲንሮክ የተባለው ብዙ ማዕድናትን ያቀፈ ሰው ሠራሽ ዐለት ሲዚየምን በሆላንዳይት፣ ስትሮንሺየምን በፔሮቭስካይት፣ ፕሉቶኒየምንና መሰሎቹን በዚርኮኖላይት የሚያስይዘው በዚህ ምክንያት ነው።