የ500 ዎኑ አድሚራል፦ በስብስቤ ውስጥ ያረምኩት ካርድ

የውጭ አገር የወረቀት ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደብኝና ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ የደቡብ ኮሪያው ባለ 500 ዎን ኖት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ይህ ኖት በፊት ገጹ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጃፓንን ወረራ በባሕር የተዋጉትን የኮሪያ አዛዥ የአድሚራል ዪ ሱን-ሺንን ምስልና የኤሊ መርከብ የሚባለውን ባለ ጣራ የጦር መርከባቸውን፣ በጀርባው ደግሞ በአሳን የሚገኘውን የአድሚራሉን መታሰቢያ፣ ሕዮንቹንግሳን፣ ይዟል።

ኖቱን አልበም ውስጥ ሳስቀምጥ ከሥሩ ባደረግሁት ካርድ ላይ በሰፊው የሚተረክ አንድ ታሪክ ጽፌ ነበር። የሃዩንዳይ መሥራች ቹንግ ጁ-ዩንግ በ1971 ለመርከብ መሥሪያቸው ብድር ፍለጋ ለንደን በሄዱ ጊዜ፣ አገራቸው መርከብ መሥራት መቻሏን ለተጠራጠሩ ሰው ባለ 500 ዎን ኖት ከኪሳቸው አውጥተው የኤሊ መርከቡን አሳዩ፤ ኮሪያ ብረት ለበስ መርከብ በመሥራት እንግሊዝን በ300 ዓመት እንደቀደመችም ነገሯቸው ይባላል። ካርዱን ከጻፍኩ ከሳምንታት በኋላ ካታሎግ ሳገላብጥ ግን የዘመኑ ነገር አልገጥም አለኝ፤ በ1971 ኪስ ውስጥ የነበረ ኖት በ1973 የወጣው ሊሆን አይችልም። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1966ቱ ኖት ሲሆን፣ በፊቱ የሴኡል ደቡባዊ በር ናምዴሙን፣ በጀርባው የኤሊ መርከቡ ይታያል፤ የአድሚራሉ ፊት ግን በላዩ የለም። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ፣ ታሪኩን ወደ 1966ቱ ካርድ አዛውሬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ «ብረት ለበስ» የሚለውን ቃል መመርመር ጀመርኩ። አድሚራሉ በ1592 ለንጉሡ ባቀረቡት ዘገባ ላይ የሚገኘው መግለጫ፣ መርከቡ በአፍንጫው የዘንዶ ራስ፣ በጣራው የብረት ሾሎች እንዳሉት፣ ከውስጥ ሆኖ ውጭውን ማየት እንደሚቻልና ከውጭ ግን ውስጡ እንደማይታይ ይናገራል። የጃፓን ወታደሮች በጠላት መርከብ ላይ ዘለው በመውጣት በጨበጣ መዋጋትን ይመርጡ ስለነበር ሾሎቹ የተተከሉት ይህን ለመከላከል ነው፤ ጣራው በብረት ሰሌዳ ተሸፍኖ ነበር የሚለው ግን እስካሁን የታሪክ ባለሙያዎችን ያከራክራል። መድፎቹም የተሞከሩት ወራሪው የጃፓን ጦር ቡሳን ወደብ ከመድረሱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነበር። (የእኛ የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የኮሪያን ምድር የረገጠው በዚሁ ወደብ በኩል መሆኑን ሳስብ ቡሳን የሚለው ስም ለእኔ የተለየ ክብደት አለው።)

የጦርነቱን ታሪክ በቅደም ተከተል ሳነብ ያረምኩት ሌላው እምነቴ በሚዮንግኒያንግ ወሽመጥ የተደረገውን የባሕር ውጊያ የሚመለከት ነው። ኖቱ አድሚራሉንና የኤሊ መርከቡን በአንድነት ስለሚያሳይ፣ ትልቁን ድል ያስገኘው ይኸው መርከብ ይመስለኝ ነበር። በ1597 ዪ ሱን-ሺን በሐሰት ክስ ተሽረው፣ ታስረውና ተገርፈው ሳለ፣ በሌላ አዛዥ የተመራው የኮሪያ የባሕር ኃይል ቺልቾንሪያንግ ላይ ተደመሰሰ። ወደ ሥልጣናቸው ሲመለሱ ያገኙት 12 መርከብ ብቻ ነበር፤ ንጉሡ የባሕር ኃይሉን ሊበትኑት ባሰቡ ጊዜም «አገልጋይዎ ገና 12 መርከብ አለው» ብለው ጻፉ። ቆይቶ በተጨመረው አንድ መርከብ 13 ሆነው፣ ማዕበሉ አቅጣጫውን በሚለዋውጥበት ጠባብ የባሕር ወሽመጥ 133 የጃፓን መርከቦችን ገጠሙ። መርከቦቻቸው ፓኖክሶን የሚባሉት ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት መርከቦች ነበሩ፤ የኤሊ መርከብ አልነበረበትም።

ስለ ፊታቸው ደግሞ፣ በ1598 በኖሪያንግ የባሕር ውጊያ ላይ የወደቁት አድሚራል በሕይወት ሳሉ የተሣለ የሚታወቅ ምስል ስለሌላቸው፣ ኖቱ ላይ ያለው ከብዙ ዘመን በኋላ በሠዓሊ የታሰበ መልክ ነው። በ1982 ባለ 500 ዎን ሳንቲም ወጥቶ ኖቱን ሲተካ በሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው በራሪ ወፍ ቢሆንም፣ አድሚራሉ ከ1970 ጀምሮ በባለ 100 ዎን ሳንቲም ላይ አሉ። ባለ 100 ዎኑ ሳንቲም በ1983 እንደገና ተቀርጿልና፣ ሁለቱን አግኝቼ የፊታቸውን አሣሣል ከኖቱ ጋር ለማነጻጸር አሁን በመፈለግ ላይ ነኝ።