ለልጁ 5 ብር

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ጭፍግግ ብሎኛል። ደሴ በሐምሌ ይህን ታውቅበታለች። የጦሳ ተራራ በጉም እንደተሸፈነ ይውላል፤ ዝናቡ በቅጡ አይዘንብ፣ አያባራ። ምን ሆንክ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ዝም ብሎ ልብ የሚከብድበት ቀን አለ አይደል? እንዲያ ነው።

እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ የሳሎኑን መጋረጃ ልቀይር ተነሣሁ። ሜትር ጠፋ። እማዬን ጠየቅኳት። «የአባትህ ሳጥን ውስጥ አይጠፋም» አለች። ቡና እየቆላች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

ሜትሩ ነበረ። ቢጫው ተልጧል፤ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች በጣት ብዛት ጠፍተዋል። ከሥሩ ደግሞ ደብተሩ።

በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስንወጣ እማዬ በነጠላዋ የቋጠረችው ሁለት ነገር ነው፤ የቤቱን ካርታና ይህን ደብተር። ያኔ ተቆጥቻት ነበር። ሰው ዳቦ ይይዛል እንጂ የልብስ ሰፊ ደብተር ይዞ ይሰደዳል? ገልጬው ግን አላውቅም ነበር።

አባዬ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ደብተሩም እንደሱ ነው። ቀን፣ ሥራ፣ ልኬት፣ ቀብድ፣ ቀሪ። ሰውየው ልብሱን ሲወስድ በሁለት መስመር ይሰርዘዋል። ስም የሚባል ነገር የለም፤ «ባለ ሻይ ቤቱ»፣ «የሆጤው መምህር»፣ «ሐጂ»።

የ1980 ገጾች ደስ ይላሉ። ፋሲካ ሲደርስ ጥቅጥቅ ይላሉ፤ ዒድ ሲደርስም እንደዚያው። ወሎ አይደል። ተትረን ሱሪ፣ የልጆች ሙሉ ልብስ፣ የሙሽራ ኮት ከነገበሩ። ከኋላ በኩል ወጪው አለ፤ ክር፣ ቁልፍ፣ ለካውያ ከሰል፣ የሱቅ ኪራይ ለቀበሌ፣ መዋጮ፣ አሁንም መዋጮ።

ከዚያ 1981 መጣ። የካቲት ላይ የደርግ ጦር መቀሌን ለቆ ወጣ። በ1982 ውጊያው ወደ ወልድያ ወረደ። ይህን ከሌላ ነው የማውቀው። ደብተሩ ላይ ጦርነት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ያለው «ሱሪ ማሳጠር» ነው። ሱሪ ማሳጠር፣ 50 ሳንቲም። ሱሪ ማሳጠር፣ 50 ሳንቲም። ገጹ ሙሉ እሱ ነው። አንዳንዱ ላይ «ካኪ፣ ወገቡም ይጥበብ» ይላል።

ምን እንደሆነ የገባኝ ብዙ ገጽ ከገለጥኩ በኋላ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ነበር የሚለው። በአፈሳ የተያዘን ልጅ ግን ዕድሜውን ማን ይጠይቀዋል? ካኪው ለአዋቂ የተሰፋ ነው። አባዬ ከቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ቆርጦለታል፤ ወገቡን 64 አድርጎለታል። 64! ሜትሩን 64 ላይ ይዤ ጠረጴዛው ላይ አከበብኩት። አንዲት ሳህን የምታህል ክብ ወጣው።

«ልጁ»ን ያገኘሁት እዚያው ገጽ ላይ ነው። በየቅዳሜው፣ ከወጪው መጨረሻ፣ «ለልጁ 5 ብር» ይላል። ተለማማጅ ነበረው ማለት ነው። ኅዳር 1982፣ አንድ ረቡዕ ላይ ደግሞ «ሱሪ ማሳጠር፣ ካኪ፣ የልጁ» ይላል። የዋጋው ቦታ ሰረዝ ብቻ ነው። ልኬት አልተጻፈም። ልኬቱንማ በቃሉ ያውቀዋል።

ደብተሩን ይዤ ማድ ቤት ገባሁ። እማዬ መቁላቱን አቆመች። «ቁልፍ ግዛ ብሎት ወጥቶ ከሰኞ ገበያ አፈሱት። ሳይጭኗቸው በፊት ሱሪውን በሰው ልኮ ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ቡናው ማረር ጀመረ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ላይ ግን «ለልጁ 5 ብር» አለ። ከዚያ በሚቀጥለውም። ጥርም፣ የካቲትም። ሥራ ቀዝቅዞ፣ በሰዓት እላፊው ሱቁ በጊዜ እየተዘጋ፣ የሳምንቱ ገቢ 9 ብር በሆነበት ቅዳሜ እንኳ 5 ብሩ አለ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 78 ቅዳሜ። 390 ብር።

ለማን ነበር የሚሰጠው? እማዬ አታውቅም። ልጁ በ77ቱ ድርቅ ብቻውን ነው ደሴ የገባው፤ ዘመድ የሚባል አልነበረውም። ሳጥኑ ውስጥም ገንዘብ የለም። ፈትሻለሁ።

ግንቦት 1983 ላይ ደረስኩ። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር ወጡ። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ደሴም እጅ የቀየረችው በዚያው ወር ነው። የተበተነው ወታደር ካኪውን አውልቆ የሲቪል ልብስ ሲለምን እንደነበር እዚህ አገር ያላወራ የለም። አባዬ አላወራም። ጽፎታል። ባለቤት ያልመጣላቸው ልብሶች ዝርዝር አለ፤ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ኮት፣ የሙሽራው ኮት ሳይቀር። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ሰጠሁ» ይላል። ዋጋ የለም፤ ለማን እንደሆነ የለም። 17 «ሰጠሁ»። በአባቴ እንደዛሬ ኮርቼ አላውቅም። በሕይወት እያለ ደብተሩን ገልጬው ቢሆን ኖሮ ይህን በጆሮው እነግረው ነበር።

ሰኔ ላይ ሱቁ ተከፍቷል። ክር ተገዝቷል፤ ከሰል ተገዝቷል። ቅዳሜም አለ። «ለልጁ 5 ብር» ግን የለም። ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ ላይ የለም።

እማዬ ቡናው ደረሰ ብላ ተጣራች። ሄድኩና የልጁን ስም ጠየቅኳት። ሲኒውን እንደያዘች ብዙ አሰበች። «ልጁ ነበር የምንለው» አለችኝ።

ቡናው አልቆ፣ መሽቶ፣ ሁሉም ተኝቷል። ሰኔ 1983ን ገልጬ ተቀምጫለሁ። አባዬ መርዶ ደርሶት ነው ያቆመው? ወይስ ጦርነቱ አልቋል፣ ከእንግዲህ ራሱ መጥቶ ከእጄ ይቀበለኛል ብሎ?