ጻሪጺኖ ኩሬ ላይ የተዋወቅኳቸው ሽማግሌዎች

በ1978 ዓ.ም. ሞስኮ ሉሙምባ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር። የ77ቱ ድርቅ ገና ከሰው አፍ አልጠፋም። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስል የሚከተለው ጥያቄ ሁሌ ስለ ረሃቡ ነው። ቤተሰብ ርቆ፣ ብርዱ አጥንት እየሰረሰረ፣ ያንን በየቀኑ መመለስ ልብ ያደክማል።

ኅዳር ሲገባደድ ሩሲያዊ የክፍል ጓደኛዬ ከአያቱ ጋር ዓሣ ልናጠምድ ይዞኝ ሄደ። በሜትሮ ጻሪጺኖ ወረድን። ጣቢያው ያኔ ሌኒኖ ነበር የሚባለው። ታላቋ ካትሪን ያስጀመረችው ቤተ መንግሥት ጣሪያ እንደሌለው ቆሟል። ከበታቹ ኩሬው በረዶ ሆኖ ሽማግሌዎች ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ጣና ዳር ነው ያደግኩት። ዓሣ በዚህ መንገድ ሲጠመድ ግን አይቼ አላውቅም።

አያትየው መጀመሪያ በረዶውን አስተማሩኝ። ድጅኖ በመሰለ ብረት ከፊታቸው እየመቱ ነው የሚራመዱት። ብረቱ ካልበሳው ይረገጣል። ጠቆር ብሎ የጠራው በረዶ ጠንካራ ነው። ነጩ ውፍረቱ እኩል ቢሆን እንኳ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ነው። ለአንድ ሰው ቢያንስ 7 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ጅረት የሚገባበትና ሸንበቆ ያለበት አካባቢ ግን አይኬድም። «ልጄ፣ እዚያ ውኃው አይተኛም» አሉኝ።

ከዚያ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አወጡ። ውኃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ እሱ ወደ ታች ይሰምጣል። ላይ ከዜሮ በታች 15 ቢሆንም ዓሣው ታች ይኖራል። ግን ይደነዝዛል፤ የሚነክሰው በቀስታ ነው። ለዚህ ነው ክሩ ቀጭን፣ መንጠቆው ትንሽ የሚሆነው። ማጥመጃው ሞቲል የሚሉት ቀይ ትል ነው፤ እንዳይቀዘቅዝ ብብታቸው ሥር ይይዙታል።

ሜትሮ ውስጥ ማንም ማንንም አያናግርም። እዚህ ግን ሻይ ከቴርሞስ እየተቀዳ ወሬው ይደራል። ከባሕር ዳር መምጣቴን ሲሰሙ ከበቡኝ። ጣና ስንት ሜትር ይጠልቃል? ምን ዓሣ አለው? ስለ ቆሮሶና ስለ አምባዛ ነገርኳቸው። ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ ስነግራቸው አንዱ አላመነም፤ ወረቀት አውጥቶ አሳለኝ። ስለ ድርቁ ማንም አላነሳም። አገሬን እንደዚያ ሳወራ ደስ ያለኝ ሞስኮ ከገባሁ ወዲህ ያን ቀን ነበር።

የነቢያት ጾም ስለነበር የያዝኩትን ኦኩን የሚሉትን ዓሣ ዶርም ወስጄ ጠበስኩት። በጾም ዓሣ የማይበላ ጓደኛችን ምስሩን በላ፤ ሌሎቻችን ሳህኑን ጠራረግነው። በሚቀጥለው እሁድ ለአያትየው በርበሬ በወረቀት ጠቅልዬ ወሰድኩ። ባለቤታቸው የዓሣ ሾርባው ላይ ነሰነሱት። ከዚያ በኋላ ሰው ከአገር ቤት ሲመጣ እናቴን «የእሳቸውንም ድርሻ ጨምሪ» እያልኩ እጽፍላት ነበር።