ቅዳሜ ማታ የአገር ፊልም፦ እንዴት እንዳየናቸውና ምን እንደታዘብኩ

ሰሞኑን ቅዳሜ ማታ ሳሎናችን ሲኒማ ቤት ሆኗል። የምናየው የአገራችንን ፊልም ነው። በተለይ ውጭ አገር ሄደው የተሸለሙትን ወይም ብዙ የተወራላቸውን፣ ግን አብዛኞቻችን ቁጭ ብለን ያላየናቸውን መረጥኩ። «ጤዛ»፣ «ድፍረት»፣ «ላምብ» እና «ቁራኛዬ»።

ስለነዚህ ፊልሞች ሰው ሲያወራ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። «አሪፍ ነው»፣ «ይከብዳል»፣ «ለፈረንጅ የተሠራ ነው» ይባላል። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ያልፋል። እኔ ግን የራሴ የምለው ነገር እንዲኖረኝ ፈለግኩ። ፊልም እወዳለሁ። ስለ ፊልም ማውራት ደግሞ ከማየቱ ባልተናነሰ እወዳለሁ።

ታዳሚዎቹ ሦስት ነን፦ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና አክስታችን። አክስታችንን ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላቸው። እሳቸው የደርግን ዘመን በወጣትነታቸው ያዩ ሰው ናቸው። ወንድሜ ደግሞ አክሽን ካልሆነ ፊልም አይመስለውም። እንዲህ የተራራቀ ታዳሚ መኖሩ ለጨዋታው ጥሩ እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ።

አካሄዳችን ቀላል ነው። ከፊልሙ በፊት ስለ ፊልሙ ምንም አናነብም፣ ማስታወቂያውንም አናይም። ስልኮች ሌላ ክፍል ይቀመጣሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ቡና ይፈላል። ከዚያ እያንዳንዳችን አንድ ትዕይንት እንመርጥና እንናገራለን። «ወደድኩት»፣ «አልወደድኩትም» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ይቺ የትዕይንቷ ነገር ናት ወሬያችንን የቀየረችው። ሰው ትዕይንት ምረጥ ሲባል የሌላ ሰው አስተያየት መድገም አይችልም። ያየውን ነው የሚናገረው።

ሌላም ነገር አደረግኩ። እነዚህ ፊልሞች ከታች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዘው ነው የሚመጡት። አንዳንዱ ላይ ማጥፋት ይቻላል፣ አንዳንዱ ላይ ከምስሉ ጋር የተጣበቀ ነው። አማርኛውን እየሰማህም ዓይንህ ወደ ጽሑፉ ይሄዳል። የተዋናዩን ፊት ሳታይ ትዕይንቱ ያልፋል። ስለዚህ ከካርቶን አንድ ረዘም ያለ ቁራጭ ቆርጬ የቴሌቪዥኑ ግርጌ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ወንድሜ መጀመሪያ ሳቀ። «ጤዛ»ን በግማሽ ስናደርስ ግን ካርቶኑን የሚያስተካክለው እሱ ሆነ። በጀርመንኛ የሚያወሩበት ቦታ ሲደርስ ያነሣዋል፣ አማርኛ ሲመጣ ይመልሰዋል። ፊት ማየት ስንጀምር ነው ትወናውን ማየት የጀመርነው።

መጀመሪያ ያየነው «ጤዛ»ን ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አግኝቷል። በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወስዷል። 140 ደቂቃ ነው። ከፋፍለን በሁለት ማታ እንየው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፣ እኔ እምቢ አልኩ። አንበርብር የሚባል ሰው በወጣትነቱ ጀርመን ሄዶ ይማራል። በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ፣ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። እግሩን እንዴት እንዳጣ እንኳ አያስታውስም። ታሪኩ የሚመጣልን እሱ ባስታወሰው ልክ ነው። አንዴ ጀርመን፣ አንዴ አዲስ አበባ፣ አንዴ መንደሩ። ይሄን ፊልም ከፋፍሎ ማየት ክሩን መበጠስ ነው። በአንድ ቁጭታ ሲታይ ግን ግራ መጋባቱ የአንበርብር የራሱ ግራ መጋባት መሆኑ ይገባሃል።

ወንድሜ የመረጠው ትዕይንት አንበርብር ጠበል የሚጠመቅበትን ነው። ተምሮ የመጣ ሰው፣ መንደሩ ጋኔን ይዞታል ብሎት ቀዝቃዛ ውኃ እየወረደበት ሲንቀጠቀጥ። እኔ የአዛኑን ነገር መረጥኩ። አዛኑ መንደሩ ያገለላት ሴት ናት። የአንበርብር እናት ግን አስጠግተዋታል። እሷና አንበርብር ሳይነጋገሩ የሚተያዩበት ቦታ ሁሉ ልብ ይነካል።

እቴቴ ጋ ስንደርስ ነገሩ ተለወጠ። ፊልሙ ውስጥ የመንደሩ ልጆች ወደ ጦር ሜዳ እንዳይወሰዱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ወታደሮች ሲመጡ ይሮጣሉ። እቴቴ ትዕይንቱ ሲያልፍ ምንም አላሉም ነበር። ቡናው ሲቀዳ ነው የጀመሩት። «እንዲህ ነበር አፈሳ። መኪናው ሩቅ ይቆማል። እነሱ በእግር ነው የሚመጡ። መጀመሪያ የምትሰማው ውሻ ነው። ውሻው ሲጮህ እናቴ ወንድሜን ጎተራ ውስጥ ትከተዋለች» አሉ። የትኛውን ወንድማቸውን እንደሆነ እኛም እናውቃለን። ይሄን ታሪክ ግን ሰምተነው አናውቅም። ወንድሜ «እቴቴ፣ ስንት ሰዓት ጎተራ ውስጥ ይቆያል?» ብሎ ጠየቀ። «እስኪነጋ ነዋ!» አሉ። እኔ ስለ ካሜራውና ስለ ታሪክ አወቃቀሩ ልናገር ያሰብኩት ብዙ ነበር። ለሌላ ቀን አቆየሁት። የእሳቸው ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ነገር ያዝኩ፦ ዘመኑን የኖረ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱ ይናገር። እኛ ቀድመን ፍርድ ከሰጠን ትልልቆች አንገታቸውን ነቅንቀው ዝም ይላሉ። ቀድመው ከተናገሩ ግን ፊልሙ ያላሳየው ሁሉ ይወጣል።

«ድፍረት» ላይ ክርክሩ ጠነከረ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል። አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትሄድ በፈረስ የመጡ ወንዶች ይጠልፏታል። ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች። መዓዛ አሸናፊ የምትባል ጠበቃ ትቆምላታለች። እውነተኛ ታሪክ ነው፣ መዓዛም እውነተኛ ሰው ናቸው። በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት እሳቸው ናቸው። ሜሮን ጌትነት ስትጫወታቸው ድምፅ ሳታነሣ ነው። ወንድሜ ይሄን «ቀዘቀዘ» አለው። እኔ አልስማማም። ፖሊስ ጣቢያ ገብታ የማትጮህ፣ ግን ወደ ኋላም የማትል ሴት ከምትጮኸው ይልቅ ታስፈራለች።

ሁለታችንም የመረጥነው ትዕይንት ግን አንድ ሆነ፦ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የልጅቷን ጉዳይ የሚዳኙበት። ፊልሙ ሽማግሌዎቹን ጭራቅ አላደረጋቸውም። ተራ በተራ፣ በወጉ ይናገራሉ። የሚያስደነግጠውም ይሄው ነው። ሥርዓቱ ያምራል፣ ፍርዱ ግን ልጅቷን አያያትም። የድሮው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠላፊው ካገባት ክሱ እንዲቀር መንገድ ይከፍት ነበር። ይሄ የተቀየረው በ1997 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሕግ ነው። ይሄን ያነበብኩት ፊልሙን ካየሁ በኋላ ነው። አስቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ፊልሙን እንደ ሕግ ትምህርት ነበር የማየው።

ሌላም ያነበብኩት ነገር አለ። ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ በተመረቀበት ማታ፣ ተመልካች ተቀምጦ ሳለ፣ በፍርድ ቤት እግድ ነው የቆመው። ባለታሪኳም ፊልሙ ያለ ፈቃዷ እንደተሠራ ቅሬታዋን ተናግራለች። ይሄ ነገር አስጨንቆኛል። ፊልሙ ስለ አንዲት ልጅ ፈቃድ ነው። ፊልሙን ወድጄዋለሁ፣ ቅሬታዋም ትክክል ይመስለኛል። እቴቴ ይሄን ስነግራቸው «ታዲያ ልጅቷን ሳይጠይቁ?» አሉና ፊታቸውን አጠቆሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ፊልሙ ጥሩ ቃል አልወጣቸውም። በእውነተኛ ሰው ላይ የተሠራ ፊልም ስናይ ባለታሪኩ ምን አለ ብለን መጠየቅ ልማዳችን የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

«ላምብ» ቀለል ይላል። ያሬድ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2015 የሠራው ነው። ካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል። ያለችው አንድ በግ ናት፣ ቹኒ። አጎቱ በጓን ለመስቀል ሊያርዳት ያስባል። ልጁ ደግሞ ማብሰል ይወዳል፣ አጎቱ ይሄን አይወድም። ልጁ ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ላይ የሚሸጥበት ቦታ የእኔ ምርጫ ነው። እጁ ሊጡን ሲይዝ ሙያ እንዳለው ያስታውቃል። እቴቴ «የእናቱ እጅ ነው» አሉ። ፊልሙ ይሄን በቃል አይልም፣ ግን ልክ ናቸው። የሚያበስለው እናቱን እንዳያጣት ነው። እኔ ይሄ አልታየኝም ነበር። መልክዓ ምድሩ ግን በዛብኝ። አረንጓዴው ተራራ ደጋግሞ ሲመጣ ልጁን ትቶ ቱሪስት የሚጠራ ይመስላል። ወንድሜ በዚህ አልተስማማም፣ ስለ ተራራው ብቻ ድጋሚ ሊያየው ፈልጓል።

«ቁራኛዬ» የሞገስ ታፈሰ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ። በድሮው ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ታስረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ፊልሙ የተነሣው ከዚህ ነው። የአንዲት ሴት ነገር ያጣላቸው ሁለት ወንዶች ተቆራኝተው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ሐሳቡን ብቻ ሰምቼ ወደድኩት። የጠላኸው ሰው ካልተነሣ አትነሣም፣ ካልተኛ አትተኛም። አማርኛው የድሮ ነው፣ ቅኔ አለበት። እቴቴ ፈገግ እያሉ አዩት። ወንድሜ አንዳንድ ቦታ «ምን አለ?» እያለ ጠየቀ፣ እሳቸውም ይፈቱለት ነበር። የቡና ሰዓታችን ከሁሉም የረዘመው ያን ማታ ነው። ወንድሜ «ፊልሙ ቢያጥር ይሻል ነበር» አለ። እኔ ደግሞ እርዝመቱ የመንገዳቸውን ድካም እንዳምን አደረገኝ ባይ ነኝ። እስካሁን አልተስማማንም።

ልብ ያልኩት ነገር፣ ዛሬ የምሰጠው አስተያየት ፊልሙ ባለቀበት ማታ ከሰጠሁት ይለያል። «ድፍረት»ን ያን ማታ ከ«ጤዛ» በላይ አድርጌው ነበር። በሳምንቱ «ጤዛ» ቀደመው። ትራንስፖርት ስጠብቅ የሚመጣብኝ አንበርብር ነው። ስለዚህ አሁን ሁለት ጊዜ እንጽፋለን። ወንድሜ በገዛው ደብተር ላይ አንዱን ያን ማታ፣ ሌላውን በቀጣዩ ቅዳሜ፣ ከአዲሱ ፊልም በፊት። ሁለቱ ሲለያዩ ለምን እንደተለያዩ ማውራት ራሱ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

ቀጣዩ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ስለ ባላባትና ጭሰኛ ነው። ወንድሜ ካሁኑ እያጉረመረመ ነው። እቴቴ ግን አንዲት ጭሰኛ የነበሩ ጎረቤታቸውን ልጥራ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ይምጡ ብያለሁ፣ መጀመሪያ የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው።