ቨርኒሹ ደህና ነበር፤ የተበላው ውስጡ ነው

አንድ ወርክሾፕ ከእንጅባራ በመጣ የደጋ ቀርከሃ ለምግብ ቤት ወንበሮች ሠርቶ አስረከበ። ቀርከሃው ፀረ ነቀዝ በብሩሽ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ቨርኒሽ ተደርቦበታል። ሦስት ወር ሳይሞላ ደንበኛው ደወለ፤ ጠዋት ጠዋት ከወንበሮቹ ሥር ዱቄት ይጠረጋል። ወንበሮቹ ሲመለሱ እግሮቻቸው በጥቃቅን ቀዳዳ ተበሳስተዋል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒቱ ነበር። መድኃኒቱ ግን ደህና ነው፤ ግንዱ ውስጥ አልገባም እንጂ።

ምክንያቱን ለማየት አንዱን እግር አግድም ቆርጦ፣ ፊቱን በምላጭ አለስልሶ፣ በማጉያ መነጽር መመልከት ይበቃል። ጠቆር ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ በልጡ በኩል ትንንሽና የተጠጋጉ፣ ወደ ውስጥ ተለቅ ያሉና የተራራቁ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ውኃ የሚወጣበትን ቧንቧ ቃጫ የከበበው እሽግ ነው። በመካከላቸው ያለው ገርጣ ያለ ክፍል ስታርች፣ ማለትም ተክሉ የሚያጠራቅመው ምግብ፣ የሚከማችበት ለስላሳ ሕዋስ ነው። በግምት ከግንዱ ግድግዳ 50 በመቶው ይህ ለስላሳ ክፍል፣ 40 በመቶው ቃጫ፣ 10 በመቶው ብቻ ቧንቧ ነው። ነቀዙ የሚበላው ስታርቹን ነው።

የዛፍ እንጨት ከመሃል ወደ ቅርፊት የሚያሻግሩ ሕዋሳት አሉት። ቀርከሃ የለውም፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ቧንቧዎቹ በሙሉ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳሉ። ልጡ ሰምና ሲሊካ የሚባል ጠንካራ ማዕድን ስላለበት ፈሳሽ አያስገባም፤ የውስጠኛው ገጽም ቢሆን ጥብቅ ነው። ዋናው መግቢያ የተቆረጠው ጫፍ ነው፤ እሱም ግንዱ ከተቆረጠ ብዙም ሳይቆይ መደፈን ይጀምራል። ስለዚህ ብሩሽ ጊዜ ማባከን ነው፤ ቀርከሃም እርጥብ ሳለ ይታከማል።

ወርክሾፑ አሠራሩን ቀየረ። በአንጓዎቹ ውስጥ ያሉትን ግርዶሾች ጫፉ በተሳለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ከዳር እስከ ዳር ይበሳል። ይህ ከተዘለለ አየር ታፍኖ ይቀርና መድኃኒቱ በውስጥ በኩል አይደርስም። መድኃኒቱን ለማዘጋጀት ለ100 ሊትር ውኃ 2 ኪሎ ቦሪክ አሲድና 3 ኪሎ ቦራክስ በሙቅ ውኃ ሟሙቶ ይጨመራል። ቀርከሃ ስለሚንሳፈፍ አየሩ እስኪወጣ ዘንበል ተደርጎ ይጠልቅና ድንጋይ ተጭኖበት አንድ ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቆሞ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል፤ ቀርከሃ እንደ እንጨት አይታገሥም፣ ውኃ ማጣት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ይኮማተራል። ይህ መድኃኒት በውኃ ስለሚታጠብ ዝናብ ለሚመታው ዕቃ አይሆንም።

የቆላ ቀርከሃ ነገሩ ሌላ ነው። ግንዱ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ስለሆነ ፌሮ የሚገባበት ክፍተት የለም፤ ከዳርና ዳር ብቻ ስለሚጠጣ አጠር ተደርጎ መቆረጥና ረዘም ላለ ጊዜ መዘፍዘፍ አለበት።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን የአቆራረጡ ጊዜ ነው። አዲሱ ቀንበጥ ከመውጣቱ በፊት፣ በበጋው፣ ስታርቹ ይበዛል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይቀንሳል። የአንድ ዓመት ቀርከሃ ደግሞ ቃጫው ገና ስላልጠነከረ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ለወንበር ሦስት ዓመት የሞላው ይመረጣል። ስታርቹን ለማወቅ ቁስል ላይ የሚደረገውን አዮዲን በተቆረጠው ፊት ላይ ጠብ ማድረግ ነው፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች ሞልቶበታል። አሁን በዚያ ወርክሾፕ ጭነት ሲመጣ ከየእስሩ አንድ ግንድ ተቆርጦ አዮዲን ይጠብበታል፤ የተቆረጠበት ቀን ያልታወቀ እስርም አይራገፍም።