ኢንቴል ወይስ ኤኤምዲ? ለቢሮ ላፕቶፕ የገዛሁበት መንገድ

ቢሮአችን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው። ላፕቶፕ ሲገዛ ስፔሲፊኬሽኑን የምጽፈው እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ሁሌም አንድ ነበር፦ «ኮር አይ ፋይቭ»፣ የኢንቴል ቺፕ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ማለት ነው። ሱቁም፣ ሠራተኛውም፣ ፋይናንሱም የለመደው እሱን ነው። የኢንቴል ተፎካካሪ ቺፕ ሠሪውን ኤኤምዲን ስትላቸው «ኧረ ይሞቃል» ይሉሃል። ማን ላይ እንደሞቀ ግን የሚነግርህ የለም።

ዘንድሮ ዋጋው ሲሰቀል አንድ ነገር አሰብኩ። ላፕቶፕ የሚሠሩት ኩባንያዎች ራሳቸው እንዴት ነው የሚመርጡት?

ነገሩ የቆየ ነው። አይቢኤም በፈረንጆቹ 1981 የራሱን የመጀመሪያ ፒሲ ሲያወጣ 8088 የተባለውን የኢንቴል ቺፕ መረጠ። በአንድ አቅራቢ እጅ መውደቅ ግን አልፈለገም፤ ሌላ አምራችም ይኑር አለ። በ1982 ኢንቴል፣ ኤኤምዲም ቺፑን እንዲያመርት የተፈራረመው በዚህ ግፊት ነው። ያኔ የአንዱ ቺፕ በሌላው ቦታ ይገባ ነበር። ዛሬ አይገባም። አቅራቢ የሚቀይር ኩባንያ ሌላ ማዘርቦርድ (ቺፑ የሚቀመጥበትን ዋና ሰሌዳ) ይነድፋል፣ እንደገና ይፈትሻል፣ ሌላ መለዋወጫ ያከማቻል። ስለዚህ ቺፑ ትንሽ ስለረከሰ ብቻ ማንም አይንቀሳቀስም። ዴል እስከ 2006 ድረስ ከኢንቴል ሌላ አልነካም።

ቺፕ ሠሪ ለላፕቶፕ አምራቾች የሚሰጠው ቅናሽም ሌላ ጣጣ ነው። ኤኤምዲ በ2005 ኢንቴልን ከሰሰ። ለአምራቾች ቅናሽ እየሰጠ ከገበያ እያስወጣኝ ነው የሚል ነበር ክሱ። በ2009 ኢንቴል 1.25 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቁ።

በ2017 ኤኤምዲ ራይዘንን ይዞ መጣ። ጥሩ ቺፕ ነበር። በሩን ይበልጥ የከፈተለት ግን፣ በእኔ ግምት፣ የኢንቴል ችግር ነው። በ2018 ኢንቴል 14 ናኖሜትር በተባለው ቴክኖሎጂ የሚሠራቸውን ቺፖች ማዳረስ አቃተው። ላፕቶፕ ሠሪ ደግሞ ርካሽ ቺፕ ከሚያገኝ በቀጠሮው ቀን የሚደርስለትን ይመርጣል። ኤችፒን ብታዩ፣ በ2020ዎቹ መጀመሪያ ካወጣቸው ላፕቶፖች ኤሊትቡክ 840 ኢንቴል ነበር፣ 845 ኤኤምዲ። የመጨረሻዋን ቁጥር ማየት ይበቃ ነበር።

እኔም እንደ አይቢኤም ልሁን አልኩ። ከስፔሲፊኬሽኑ ላይ «ኮር አይ ፋይቭ»ን አወጣሁ። የኮር ብዛት፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ምርቱ የወጣበት ዓመትና የዋስትና ጊዜ አስገባሁ። ፕሮፎርማ ስንሰበስብ ሁለቱም ዓይነት እንዲኖር ጠየቅኩ።

የፋይናንስ ኃላፊያችን ግን አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ ኦዲተር ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

«ውድድር ፈጠርን ይበሉዋ፣ እትዬ» አልኳቸው። ሳቁና ፈረሙ።

የ845 ፕሮፎርማ እጃችን ላይ እንዳለ ሲሰማ የ840ው ነጋዴ ዋጋ ቀነሰ። ዋስትናውንም አራዘመ። በመጨረሻ የገዛነው ኢንቴል ነው፣ በአዲሱ ዋጋ። ከሁለቱም እየቀላቀልን እንግዛ ያሉ ነበሩ፤ እሱን እንኳ አልተቀበልኩም። ድራይቨሩም ማዘርቦርዱም ይለያያል፣ አይቲ ክፍላችን ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለው።